በገመዱ ላይ ዘጠነኛው ወረቀት

ጥቅምት 6

ለቀለሜዋ የእህቴ ልጅ፣

ቆመሽ ከሆነ የምታነቢው ተቀመጪ። ይህን የሚጽፍልሽ እጅ የእኔው የአጎትሽ ነው። የበር ጠባቂው አይደለም፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊውም አይደለም። እስከ ዛሬ ደብዳቤሽን የሚያነብልኝ ልብስ ሰፊው ነበር። አንቺ «ናፈቅኸኝ» ብለሽ ስትጽፊ እሱ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ «ናፈቅኸኝ» ይለኛል፤ እኔም ጢሙን እያየሁ «አንቺም እንደዚያው» እላለሁ። ከዚህ ጉድ ተገላገልኩ!

የማታ አስተማሪያችን «ደብዳቤ በሰላምታ ይጀምራል፣ ጤና ይጠይቃል፣ ከዚያ ወደ ጉዳዩ ይገባል» ብላለች። ጤናሽ እንዴት ነው? የእኔ ጤና ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ ድንጋይ ያስፈልጣል። እናትሽ ደህና ናት፤ ሳማትልኝ ብላለች፣ ሳምኩሽ። ሰላምታው አለቀ።

በስምንት ወር ትምህርት ከአሥራ አንድ ሰው አንደኛ ወጥቻለሁ። ዘወትር አንደኛ የምትወጣው ሴትዮ የፈተናው ዕለት ጥርሷን አሟት ቀርታለች፤ እሱን ግን ለማንም አታውሪ።

አሁን ጉዳዩ። «ቤተ ሙከራ ውስጥ የምትሸከመው ወረቀት ምን ዓይነት ነው? ስፋቱስ ስንት ነው?» ብለሻል። ስፋቱ አንድ ስንዝር ነው፣ በእኔ ስንዝር፤ የሌላ ሰው ስንዝር አልተመነም። ርዝመቱ ማሽኑ እስኪደክመው ነው። ማሽኑ አንድ ከባድ አቶም ላይ ጥቃቅን ነገር ይተኩሳል፤ ጉልበቱን በትንሽ በትንሹ እየጨመረ ይተኩሳል። አቶሙ ብዙውን ጊዜ ዝም ነው። ድንገት አንድ ጉልበት ላይ ሲደርስ ግን ብርግግ ይላል፣ ብዕሩም ዘሎ ወረቀቱ ላይ ጭረት ያወጣል። ደግሞ ዝም፣ ደግሞ ጭረት። አንዱ ወረቀት ስምንት ክንድ ይሆናል፣ ስምንት መቶ ያህል ጭረትም አለው። እኔ ቀድጄ፣ ቀለሙ እንዲደርቅ ገመድ ላይ በመቆንጠጫ እሰቅለዋለሁ፣ ልክ እንደ ታጠበ አንሶላ። ከዚያ ኃላፊያችን ይመጣና በጭረትና በጭረት መካከል ያለውን ክፍተት ይለካል። ኃላፊያችን ያው ኮስታራው ነው። ሲስቅ ያየው የለም፤ ቀጭኔ «የሳቀ ዕለት ማሽኑ ይቆማል» ይላል። ቀጭኔ የማሽኑ ሠራተኛ ነው፣ ስሙ ለምን እንደወጣለት አንገቱን ስታዪ ትረጃለሽ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያንን አዳራሽ ስጠርግ አንድ ነገር አውቄያለሁ፣ ኮስታራውም «ልክ ነው» ብሎኛል። ጭረቶቹ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ እኩል እኩል አይቆሙም። እንደ ዝናብ ጠብታም እንደ መጣላቸው አይወድቁም። እንደማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው፤ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ተራርቀው የሚቀመጡት ዓይነት። ቦታ ቢጣበብ እንኳ ትከሻ ለትከሻ አይነካኩም። እኔ ከበሩ ላይ ቆሜ ወረቀቱ የአቶም ነው፣ የማሽን ስህተት ነው ብዬ እለያለሁ። ይህ ጉራ አይደለም። እሺ፣ ጉራም ነው፣ ግን እውነት ነው።

አብሮ የመጣልሽ ጥቅል ጫፉን እርጥበት የነካው ባዶ ወረቀት ነው። ኮስታራው «ይውሰዱት» ብሎኛል፣ አልሰረቅሁም። ይህ ደብዳቤም ከዚያው የተቀደደ ነው፤ አንድ ክንድ ተኩል ጻፍኩልሽ። ልብስ ሰፊው እንዲህ አይጽፍም።

ፊደል የቆጠረው አጎትሽ

ጥቅምት 24

ጋሽዬ፣

መጀመሪያ ተቀምጬ አነበብኩት፣ ከዚያ ቆሜ፣ ከዚያ እየተራመድኩ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ «ምን ሆንሽ?» ብትለኝ አንድ ክንድ ተኩሉን ወረቀት በክፍሉ ውስጥ ዘርግቼ አሳየኋት። «ስንት ዓመቱ ነው?» አለችኝ። «ሃምሳ ስድስት» ስላት አልቅሳ አስለቀሰችኝ። ይቅርታ፣ ተቀመጪ እንጂ አልቅሺ አላልከኝም ነበር።

በፖስታው ጀርባ ላይ «ለመሆኑ ቁጥር ለመቁጠር ሦስት ዓመት ምን ያደርጋል? የት ጠፍቶ ነው?» ብለህ ጠይቀሃል። ልንገርህ። ሰባት ነገር ይዘህ ለሰዎች እኩል ለማካፈል ሞክር። ለአንድ ሰው ሁሉንም ካልሰጠህ ወይም ለሰባት ሰው አንድ አንድ ካላደረስክ በቀር እምቢ ይልሃል። አሥራ አንድም፣ አሥራ ሦስትም እንደዚሁ። እነዚህን እምቢተኞች እንበላቸው። የት የት እንደሚበቅሉ ሲያዩት ሥርዓት ያላቸው አይመስልም። ግን ከእምቢተኞቹ ሁሉ የተገመደ አንድ ቀመር አለ፤ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ እያለ ይሄዳል፣ አልፎ አልፎም ዜሮን ይነካል። ዜሮን የነካበትን ቦታ ሁሉ በመስመር ላይ ጭረት አድርገህ አስበው።

እና ጋሽዬ፣ ያንተ አግዳሚ ወንበር! እነዚያም ጭረቶች እርስ በርሳቸው ይሸሻሉ። በኳንተም ፊዚክስ ሕግ የሚንቀጠቀጠው ከባድ አቶምና ማንም ያልነካቸው፣ ያልተኮሰባቸው ቁጥሮች አንድ ዓይነት አቀማመጥ አላቸው። ይህ ለዋናው ቀመር ከታወቀ ቆይቷል፤ ለምን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ ያረጋገጠ የለም። እኔ የያዝኩት የዋናውን ቀመር ሩቅ ዘመድ ነው። ማንም እኔ የደረስኩበት ድረስ ሄዶ አልቆጠረለትም፤ እኔ ቆጠርኩለት፣ እሱም እንደ ዋናው ነው!

ችግሩ አስተማሪዬ አያምኑኝም። «ራስሽ ቆጠርሽ፣ ራስሽ መረጥሽ፣ ራስሽ ለካሽ። ዓይን የወደደውን ያያል» አሉኝ። ጥር 15 ቀን የተማሪዎችን ርዕስ የሚያጸድቀው ጉባኤ ይሰበሰባል። እሳቸው ካልፈረሙልኝ ርዕሱ ይዘጋል፤ የሦስት ዓመት ሥራዬ መሳቢያ ውስጥ ይገባና ሌላ ሰው የመረጠልኝን ነገር ከሀ እጀምራለሁ።

ባንተ ጥቅል ላይ ስምንት መቶ ጭረት አውጥቼ በቱቦ ልኬልሃለሁ። በጀርባው «የቀለሜዋ ቁጥር ነው፣ አቶም አይደለም» ብዬ ጽፌበታለሁ። ዓይንህ ከበሩ ላይ ቆሞ ምን ይላል? እውነቱን ንገረኝ፣ እንዳታባብለኝ።

ያንተው

ኅዳር 10

ለቀለሜዋ፣

መዘግየቴን ይቅር በይኝ። እንደ ድሮው ሰው አይደለሁም፣ ሥራ በዝቶብኛል። የወረቀት ክፍሉ ቁልፍ ወገቤ ላይ ነው! የምስክር ወረቀቴን ለኮስታራው ባሳየው እንደ ማሽን ወረቀት ገለባብጦ ለካውና ቁልፉን ሰጠኝ። ስሄድ ይንጫጫል። ቀጭኔ «በሩቁ ሰማንዎት፣ ላሟ ከነቃጭሏ መጣች» ይለኛል። ቅናት ነው።

«ጥቅሉ በደህና ደረሰ ወይ?» ላልሽው ደርሷል። በቱቦ ስለመጣ ተጠቅልሎ ቀርቶ ስዘረጋው ይጠቀለላል፣ ስዘረጋው ይጠቀለላል። እንዲቃና ብዬ ገመዱ ላይ ሰቀልኩት፣ ከታችም ሁለት ብሎን አንጠለጠልኩበት። ነገ ከበሩ ላይ ቆሜ በደንብ አየዋለሁ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ኮስታራው ጠርቶ «ገመዱ ላይ ያሉትን ሁሉ ቁጥር ይስጧቸው» አለኝ። ቁጥር! በጽሑፍ! እኔ! ካርቶን ቆረጥኩ፣ ወፍራም ብዕር ፈለግሁ፣ ከአንድ እስከ አሥራ አራት ጻፍኩ። ስምንቴን ብታዪው፣ ወገቧ እንደ ሙሽራ። ሰባቴ ትንሽ ጎብጧል፣ ዕድሜ ነው። ለእያንዳንዱ አንጠለጠልኩለት፣ ራቅ ብዬ አየሁት፣ ተመልሼ አየሁት። እጄ ከዚህ በፊት ሌላ ሰው የሚያነበው ነገር ሠርቶ አያውቅም ነበር።

አሁን ትልቁን ወሬ ስሚ። ባለፈው ሐሙስ ኮስታራው ጮኸ! መጥረጊያዬን ጣልኩ። ከቀጭኔ ጋር ሮጠን ገባን። ማስመሪያውን ይዞ ዘጠኝ ቁጥር ፊት ቆሟል።

«ይህን ያወጣው የትኛው ናሙና ነው?» አለ።

«ከአሥራ ሦስቱ አንዱ ነዋ» አለ ቀጭኔ።

«ይህ ከሌሎቹ ይበልጥ ይሸሻል። ክፍተቶቹን እዩ፣ አንድም ሁለት ጭረት ተጠጋግቶ የለም ማለት ይቻላል። የእኛ አቶሞች ፊልም ቢሆኑና ወደ ኋላ ብናጫውታቸው ያው ናቸው። ይህኛው ግን ወደፊትና ወደ ኋላው አንድ አይደለም! በሕይወቴ እንዲህ ያለ አቶም አላየሁም!»

አቅፎ ሊስመን ምንም አልቀረው። ከዚያ ወዲህ ሻይ ሲጠጣ እንኳ ያፏጫል። ለትልልቆቹ ሊጽፍ ነው፣ ስሙ ሊጠራ ነው፣ የእኛም አብሮ ይጠራ ይሆናል። የተቸገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መዝገቡ ላይ የተመዘገበው ናሙና አሥራ ሦስት ሲሆን ገመዱ ላይ ያለው ወረቀት ግን አሥራ አራት ነው። «አንተ ነህ ሳትመዘግብ ያስገባኸው» ብሎ ቀጭኔ ላይ ተቆጥቷል። ቀጭኔ ይምላል። እኔ ለራሴ፣ ቀጭኔ ረስቶት ይሆናል እላለሁ፣ አንገቱ ረጅም ስለሆነ ሐሳብ ለመድረስ ጊዜ ይ

ቆይ።

አሥራ ሦስት። አሥራ አራት።

እስቲ ገመዱን አይቼ ልምጣ።

ተመልሻለሁ። ደብዳቤው እዚህ ላይ ያጥርብሻል፣ አስተማሪያችንም አጭር ጥሩ ነው ብላለች። ጥቅልሽ አልጠፋም፣ አልተቀደደም። ሌላ ነገር አትጠይቂኝ።

አጎትሽ

ኅዳር 22

ጋሽዬ፣

ያለ ሰላምታ የላክሃት አንዲት መስመር ደርሳኛለች። «ያንቺን ወረቀት የማያውቅ ሰው፣ አቶም መስሎት ቢለካው፣ ለአስተማሪሽ ምን ይጠቅማቸዋል?» ብለሃል። አንተ ሰላምታ ስትረሳ ምን ይባላል? እናቴን በስልክ ጠየቅኋት፤ «ምግብ ይገፋል፣ ቀልድ የለም፣ እንደ ትልቅ ሰው ሆኗል» አለችኝ። ፈራሁ።

መልሴ ግን ይኸው። ሁሉን ነገር ይጠቅማቸዋል። ትናንት ቢሯቸው ጠርተውኝ «አንቺን የማያውቅ፣ ቁጥርሽንም የማያውቅ፣ ምን እንዲያገኝ እንደምትፈልጊ ያልሰማ ሰው ይለካውና ያንኑ ያግኝ። ያን ጊዜ እፈርማለሁ። ካልሆነ ሌላ ርዕስ አዘጋጅቼልሻለሁ» አሉኝ። ሌላው ርዕስ ጠረጴዛቸው ላይ በአቃፊ ተቀምጧል። አቃፊው አረንጓዴ ነው። ከአሁኑ ጠልቼዋለሁ።

«የማያውቅ ሰው ከየት ይመጣል?» ብዬ ሳስብ ነው የሰነበትኩት። ስነግረው አወቀ ማለት ነው፤ ካልነገርኩት ደግሞ ለምን ብሎ ስምንት ክንድ ወረቀት ይለካል?

ከሥሯም ሌላ ጠይቀሃል፣ «ቁጥሮቹ ከአቶሞቹ ይበልጥ ይሸሻሻሉ ወይ?» ብለህ። ጋሽዬ፣ ይህን ከማን ሰማህ? እኔ አልነገርኩህም። አዎ፣ ይበልጥ ይሸሻሻሉ። ከአቶም የሚለዩትም በዚህ ነው። ቁጥሮቹ የሚመስሉት እንደ ተራው ከባድ አቶም ሳይሆን ጊዜ ወደፊትና ወደ ኋላ አንድ ያልሆነበትን፣ በቲዎሪ ብቻ የምናውቀውን ዓይነት ነው። ይህን በዓይኑ ወይም በማስመሪያው ለይቶ ያወቀ ሰው ካለ፣ ያ ሰው ከእኔ ሳይሰማ ከቁጥሮቹ ከራሳቸው ነው የሰማው።

የሆነ ነገር ደብቀኸኛል። እለምንሃለሁ፣ በእኔ ጉዳይ ያን ቁልፍ እንዳታጣ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠርገህ ያገኘኸው ነው። እኔ አረንጓዴውን አቃፊ እወስዳለሁ፣ ማንም በአቃፊ አልሞተም።

ያንተው

ኅዳር 30

ለቀለሜዋ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ጤናሽን እየጠየቅሁ ጤናዬን አልነግርሽም።

«እውነቱን ንገረኝ» ብለሻል። እነሆ። ዘጠኝ ቁጥር አንቺ ነሽ። ያን ዕለት ቁጥር ስጽፍ፣ ስጽፍ፣ ስጽፍ አንዱንም ወረቀት አዙሬ አላነበብኩም። ጀርባው ላይ ጣት የሚያህል ፊደል ነበረ። ከዓመት በፊት ቢሆን «ማንበብ አልችልም» ብዬ እተርፋለሁ። አሁን ምን እላለሁ? መጻፍ የቻለ ሰው ማንበብ ረሳ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባል የለ።

ለሃያ ቀን ዝም አልኩ። ስለ ቁልፉ አይደለም ብዬ ራሴን ሸነገልኩ፤ ስለ ቁልፉ ነው። ስለ ኮስታራውም ነው፤ ማፏጨት የጀመረ ሰው ፊት ቆሞ «አቁም» ማለት ቀላል እንዳይመስልሽ። ደግሞ ቀጭኔ ባልሠራው ጥፋት ማስጠንቀቂያ ሊጻፍበት ነው። ትናንት ምሳውን ብቻውን በላ፤ ቀልድ ጣልኩለት፣ አላነሳውም። ከዚያ ያንቺ ደብዳቤ መጣ። በአንድ እጄ የኮስታራውን ደስታ፣ በሌላው ያንቺን ሦስት ዓመት ይዤ እንደቆምኩ ገባኝ። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ከእኔ በቀር በዓለም ላይ አንድም ሰው የለም፤ ጎበዝ ነኝ ስል የኖርኩት ሰውዬ እንዲህ ያለ ጉብዝና አልፈለግሁም ነበር።

በአፌ ልነግረው ሦስት ጊዜ ገብቼ ሦስት ጊዜ መስኮቱን ጠርጌ ወጣሁ። መስኮቱ አሁን መስታወት ያለው አይመስልም። ስለዚህ ጻፍኩ። ግልባጩ ይኸው፤

«ለቤተ ሙከራው ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ዘጠኝ ቁጥር አቶም አለመሆኑን ስለማሳወቅ

ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው ዘጠኝ ቁጥር አቶም አይደለም። የእህቴ ልጅ ከቁጥር ያወጣችው ጭረት ነው። እንዲቃና የሰቀልኩት እኔ፣ ሳላነብ ቁጥር የሰጠሁት እኔ፣ አውቄ ሃያ ቀን የደበቅሁት እኔ ነኝ። ቀጭኔ ጥፋት የለበትም። እርስዎም አልተሳሳቱም፤ በወረቀቱ ላይ ያዩት ሁሉ ትክክል ነው፣ ያዩት ነገር ብቻ ሌላ ነው። የሚበልጠውም ይኸው ይመስለኛል። ልጅቷ የማያውቃት ሰው እንዲለካላት ትፈልግ ነበር። እርስዎ ለክተዋል። ያገኙትን ለአስተማሪዋ እንዲጽፉላት እየለመንኩ፣ ቁልፉን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣ ሠራተኛዎ»

«እየለመንኩ» የሚለውን አራት ጊዜ ነው የጻፍኩት። ገብቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፣ ቁልፉን ላዩ ላይ አደረግሁበት፣ ወጣሁ። አሁን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። በሩ ገርበብ ብሏል። ወረቀቱን ሲያነሳ ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ሲወድቅ ሰምቻለሁ። ፉጨቱ ቆሟል። አንዴ አነበበው። አሁን ደግሞ እንደገና ከላይ ጀመረ መሰለኝ። ወንበሩ ተንቀሳቀሰ፣ እየመጣ ነው፤ ይህን ልጠቅልለው

ታኅሣሥ 14

ጋሽዬ፣

ያለ ነጥብ ያለቀ ደብዳቤ ልከህ ሁለት ሳምንት ዝም! ሰው እንዲህ ይገደላል? በሌላ መንገድ ወሬ ባይደርሰኝ ኖሮ እብድ ነበር የምሆነው።

ባለፈው ሳምንት አስተማሪዬ ክፍሌ ድረስ መጡ። እሳቸው ተማሪ ክፍል መጥተው አያውቁም። በእጃቸው ስድስት ገጽ ይዘዋል፣ ከኮስታራው። መግቢያው ላይ እንዲህ ይላል፤ «ከዚህ በታች የሰፈረው ልኬት የተደረገው ለካኙ የሚለካው ነገር አቶም ነው ብሎ በፍጹም ልቡ ባመነበት ወቅት ነው። ለካኙ ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ኀፍረት በበቂ መጠን አለው።» ጋሽዬ፣ እኚህ ሰውዬ ኮስታራ አይደሉም፣ ቀልደኛ ናቸው!

አስተማሪዬ በሩ ላይ እንደቆሙ «ይህ እውነት ነው?» አሉ። «ነው» አልኩ። ከዚያ ምን እንዳሉ ታውቃለህ? «አንድ ጊዜ ዕድልም ያመጣዋል። ይደገም።» ይህን ሲሉ ግን ዓይናቸው! በሦስት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ሲያበራ አላየሁትም። አረንጓዴውን አቃፊ ብብታቸው ሥር ይዘውት ነበር፤ ሳይሰጡኝ ይዘውት ተመለሱ።

ስለዚህ አምስት ወረቀት ልኬያለሁ፣ አንድም ጽሑፍ የሌለባቸው፣ ቀጭኔ በላከልኝ ብዕር የተሠሩ። ቤተ ሙከራው ሰባት የራሱን ይጨምራል። አንድ ሰው ያደባልቃቸዋል፣ የትኛው የማን እንደሆነም እሱ ብቻ ያውቃል። ኮስታራው ለክተው የቁጥሮቹን አምስቱን ለይተው ካወጡ ይፈረምልኛል። ካላወጡ አይፈረምልኝም። አስተማሪዬ «የሚያደባልቀው ሰው ማን ይሁን?» ሲሉ ኮስታራው የመለሱትን ደብዳቤ አሳዩኝ፤ «ሳይጠየቅ እውነት የጻፈ ሰው አለኝ» ይላል።

አሁን ንገረኝ። ያን ቀን በሩ ሲከፈት ምን ሆነ? ቁልፉስ?

ያንተው

ጥር 6

ለቀለሜዋ፣

በጣም ደህና ነኝ፤ አንቺም ደህና እንደሆንሽ አውቃለሁ፤ ሰላምታው አለቀ፣ ቸኩያለሁ።

«በሩ ሲከፈት ምን ሆነ?» ብለሻል። ኮስታራው ወጣ። መነጽሩን አወለቀ። አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያ ተቀምጦ አያውቅም።

«ጀርባውን አዙረው አላዩትም?» አለኝ።

«አላየሁም» አልኩ።

መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። ከዚያ «እኔ ከሃያ ቀን በላይ በእጄ ይዤ ለካሁት፣ አቀፍኩት፣ ለሚስቴ አወራሁላት። እኔም አላዞርኩትም» አለ። ቀና ብዬ ባየው ትከሻው ይነቃነቃል። እያለቀሰ መስሎኝ ደንግጬ ልይዘው ስል፣ ለካስ እየሳቀ ነው! ቀጭኔ ሮጦ መጣና «ማሽኑ ቆመ?» አለ። ማሽኑ አልቆመም።

ቁልፉን ግን ወሰደብኝ፣ ለሦስት ሳምንት። «ስለ ስህተቱ አይደለም፣ ስለ ሃያው ቀን ነው» አለኝ። ተገቢ ነው፣ አልተከራከርኩም። ሦስት ሳምንት ወገቤ ቀሎኝ ዞርኩ። ቀጭኔንም ይቅርታ ጠየቅሁት። «እንዲያውም ጥሩ ነበር፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ ነገር አግኝተሃል ተብዬ ተወቅሻለሁ» አለኝ። ከዚያ ቁልፉ ተመለሰ፣ ከቁልፉ ጋርም ያንቺ አምስት ወረቀት።

የወረቀቱን ክፍል ቆለፍኩ። የሁሉንም ጀርባ አነበብኩ፣ ባዶ መሆኑን አነበብኩ። ደባለቅሁ፣ ቁጥር ሰጠሁ፣ ዝርዝሩን በእጄ ጽፌ ፖስታ ውስጥ አሸግሁት። ከዚያ ዝም አልኩ። ቀለሜዋ፣ እኔ፣ ዝም! አሥራ አምስት ቀን! እናትሽ ታሞ ይሆን ብላ ግንባሬን ዳበሰች። ቀጭኔ «ሦስት ቁጥር የአቶም ነው አይደል? ራስዎን ብቻ ይነቅንቁ» ይለኛል፤ አንገቴን እንኳ እንዳላዞር ግድግዳ ግድግዳ እያየሁ መሄድ ጀመርኩ። ኮስታራው ራሱ አንድ ቀን ሻይ ስሰጠው ዓይኔን አተኩሮ ሲያየኝ ትሪውን ፊቴ ላይ አነሳሁበት።

ትናንት ለክቶ ጨረሰ። የለያቸውን አምስት ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጻፈና «ያሽጉት» ብሎ ሰጠኝ። ሳሽግ አየሁት። ምን ላድርግ፣ ማንበብ እችላለሁ!

አሁን «ምን ይላል? ልክ ነው ወይ?» ብለሽ ልትጠይቂኝ ነው። እንዳትጠይቂኝ። ምያለሁ። ሁለቱም ፖስታ ለአስተማሪሽ ሄዷል፣ እሳቸው በጉባኤው ፊት እስኪከፍቱት ድረስ የማውቀው ነገር የለም። ይህን ደብዳቤ ለምን ቆሜ እንደምጽፍ አትጠይቂኝ። ቀጭኔን ያለ ምክንያት ስለምን አቅፌ እንዳነሳሁትና ወገቤን ስለምን እንዳመመኝም አትጠይቂኝ። እናትሽ «ምን ሆነህ ነው ብቻህን የምትስቀው?» አለችኝ፤ «ጥርሴን አሞኝ ነው» አልኳት።

ምንም አልነገርኩሽም። መስክሪልኝ።

አጎትሽ፣ ሁለት ክንድ ከስንዝር

ጥር 15፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት

ጋሽዬ፣

«እንደተከፈተ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ትጻፍልኝ» ብለህ ለእናቴ ነግረሃታል። ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው።

ጉባኤው አምስት ሰው ነበር። አስተማሪዬ መጀመሪያ የኮስታራውን ፖስታ ከፈቱና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ፤ ሁለት፣ ሦስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ አሥራ ሁለት። ከዚያ ያንተን ከፈቱ። ፊደልህ ትልልቅ ስለሆነ እኔም ከተቀመጥኩበት አየሁት። ሁለት። ሦስት። ሰባት። ስምንት። እዚህ ላይ ቆሙና ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወስደው ወደ ብርሃን አቀረቡት።

«አሥራ ሁለት» አሉ።

አንዱ ሽማግሌ ወንበራቸውን ጎትተው ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ፣ ሌላው «ሁሉም? አምስቱም?» አሉ። አስተማሪዬ ብዕር ፈለጉ፣ ኪሳቸው ውስጥ አጡ፣ ከእኔ ተቀበሉ፣ ፈረሙ። በእኔ ብዕር! ከዚያ ብዕሩን ሳይመልሱልኝ ወደ እኔ ዞሩና፦

«እሺ፣ ይመሳሰላሉ። አምኛለሁ። አሁን ለምን እንደሆነ ንገሪኝ» አሉ። «ማንም ያልተኮሰበት ቁጥር እንደ አቶም የሚንቀጠቀጠው ለምንድን ነው?»

«አላውቅም» አልኩ። ሦስት ዓመት ይህን ቃል እፈራው ነበር፤ ዛሬ ከአፌ ሲወጣ እንደ ዘፈን ሆነብኝ። «ማንም አያውቅም።»

ብዕሬን መለሱልኝ።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ።

ቀለሜህ